የሾፌሮች አዳራሽ ለየትኛው ከተማ ይገባል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለፈው እሑድ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ክርክር ተነሣ። አንድ ጓደኛችን አሜሪካ ውስጥ ከተሞች ለመኪና እሽቅድምድም የዝና አዳራሽ፣ ስመ ጥር ሰዎች ለሚከበሩበት ቤት፣ እርስ በርሳቸው ተፎካክረው አንዷ አሸንፋ ወሰደችው ብሎ አወጋን። ከዚያ ወሬው ወደ እኛ ዞረና «ለአሰብ መንገድ ሾፌሮች እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራ የት ይሁን?» ተባለ። እኔ ደሴ አልኩ። የኮምቦልቻው ልጅ ሳቀብኝ። የወልድያዋ ዘመዳችን ደግሞ ሁለታችንንም ገላመጠችን። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አለቀ፤ እኛ ግን አልተስማማንም። አባቴ ሾፌር ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። የአሜሪካው ነገር እውነት ነው? የእኛንስ ነገር እርስዎ ይፍረዱን።
የሾፌር ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር የሾፌር ልጅ፣ ጓደኛህ አልዋሸም። ከመፍረዴ በፊት ግን ዳኛህን እወቀው። የተወለድኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ እንጀራዬን የምበላው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ባለቤቴ የወልድያ ልጅ ናት። የትኛውን ከተማ ብመርጥ የሚያኮርፈኝ ሰው አላጣም፤ ስለዚህ አድልዎ ብታገኝብኝ እንኳ በሦስት የተከፈለ ነው።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ልንገርህ። ናስካር የሚባለው ድርጅት፣ ሲያዩዋቸው መንገድ ላይ የምናውቃቸውን የቤት መኪኖች የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን ሌላ የሆነ መኪኖችን የሚያወዳድር ነው። የዝና አዳራሹን የት ልሥራ ሲል ሻርሎት፣ ዴይቶና ቢች፣ አትላንታ፣ ሪችመንድና ካንሳስ ሲቲ «እኔ ጋ» እያሉ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ሻርሎት ተመረጠች፤ ቤቱም በግንቦት 2010 ተከፈተ።

የዴይቶና ክርክር ልክ የአንተ ክርክር ነው። «የተወለደው እኔ ቤት ነው» አለች። እውነቷን ነው። በታኅሣሥ 1947 ቢል ፍራንስ የሚባለው ሰው ስትሪምላይን በሚባል ሆቴል ሰገነት ላይ ሾፌሮችንና መካኒኮችን ሰብስቦ ድርጅቱን የጠነሰሰው እዚያ ነው። አትላንታ ደግሞ ትልቅነቷን ይዛ ቀረበች፤ አውሮፕላኑም እንግዳውም እኔ ጋ ነው የሚያርፈው አለች። ሻርሎትም ታሪክ አላጣችም፤ የዛሬው ትልቁ ውድድር «ሀ» ብሎ የተጀመረው በሰኔ 1949 እዚያ ነው። ዋናው ክብደቷ ግን ሌላ ይመስለኛል። የተወዳዳሪዎቹ ቡድኖች አብዛኞቹ ጋራዣቸው በሻርሎት ዙሪያ ነው። ሞተር የሚፈታው፣ ላሜራ የሚቀጠቅጠው፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር የሚኖሩት እዚያ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ቁርጡን ተናገረች፦ በሆቴል አልጋ ላይ የሚከፈለውን ግብር በመቶ ሁለት ጨመረች። ወደ 195 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሥራ ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ራሷ ከተማዋ ናት።

እዚህ ላይ ጓደኛህ ያልነገረህ ነገር አለ። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት በተሠራ ግምት በየዓመቱ 800,000 ያህል ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የመጣው 300,000 እንኳ አልሞላም። እኔ በጭነት ቋንቋ ነው የሚገባኝ፤ አራት መቶ ኩንታል አለህ ተብለህ ወርደህ፣ መቶ ሃምሳ ያልሞላ ጭነህ ስትመለስ ማለት ነው። ነዳጁን አይሸፍንም። ኋላም በ2015 ከተማዋ ከአበዳሪዎቿ ጋር ተደራድራ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ አሰርዛለች። እንዲህ ያለ የዕዳ ምሕረት ለደሴም ለኮምቦልቻም ማን እንደሚሰጥ እንጃ።

የተሸነፉትስ? አትላንታ በ2014 የዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ የዝና አዳራሽን ወሰደች፤ ሳውዝ ቤንድ ከምትባል ከተማ ተነቅሎ ነው የመጣላት። ዴይቶናም በ2016 ሌላ የሞተር ስፖርት የዝና አዳራሽ ከሚሺጋን መጣላት። አዳራሽም እንደ ጭነት መኪና ከአንዱ ከተማ ተነሥቶ ሌላው ጋ ያራግፋል። ቤቱን ከሠራኸው በኋላ የዘላለም ነው ብለህ እንዳትተኛ።

አሁን ማን እንደገባበት ልንገርህ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ ጁኒየር ጆንሰን ነው። ይህ ሰው መንዳት የተማረው አረቄ ጭኖ ነው። አባቱ ቤት ያለ ፈቃድ የተጠመቀ አረቄ በሌሊት በተራራ መንገድ እያጋዘ፣ የግብር ፖሊስ እየተከተለው፣ መብራት አጥፍቶ ኩርባ መዞር ለመደ። በ1956 ተይዞ አሥራ አንድ ወር ታሰረ፤ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። በ2010 ደግሞ ስሙ ግድግዳ ላይ ወጣ። የእኛ ሾፌሮች አረቄ አልጫኑም። ከጋቢናው ወንበር ሥር የአሰብ ሸቀጥ አልነበረም ብዬ ግን አልምልልህም፤ አባትህም በሕይወት ቢኖር ይስቅ ነበር።

ሌላው ዴል ኢንማን ነው። ይህኛው አልነዳም። የታዋቂው ሾፌር የሪቻርድ ፔቲ የመኪና ቡድን አለቃ ነበር፤ መኪናውን የሚያዘጋጀው፣ ጎማ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው እሱ ነው። ከፔቲ ጋር ሰባት፣ ከሌላ ሾፌር ጋር አንድ፣ ስምንት ሻምፒዮና አሸንፎ በ2012 ከሾፌሮቹ እኩል ገባ። ይህን ባነበብኩበት ቀን መፍቻዬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ምክንያቱም እኔ ረዳት ነበርኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1975፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ኤን ትሬ ፊያት የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። መሪው በቀኝ ነበር፤ ጣሊያኖቹ በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ብለው ነው ይባላል፤ የእኛም ሾፌሮች እንዲሁ ያምኑ ነበር። ከኮምቦልቻ ማታ ተነሥተን ባቲን አልፈን ወደ ሚሌ ቆላ እንወርዳለን፤ ቀን የተነዳ እንደሆነ ጎማው ሙቀቱን አይችለውም። ስንመለስ ጭነት አለ። በ1977 ድርቅ የእርዳታ ስንዴ ነበር የምንጭነው። ከባቲ በላይ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት እኔ ከጋቢናው እወርዳለሁ። ታኮ በእጄ ይዤ ከኋላ ጎማው አጠገብ እሮጣለሁ። መኪናው ቆሞ ወደ ኋላ ማለት የጀመረ እንደሆነ ታኮውን ጎማው ሥር መወርወር የእኔ ሥራ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አያየኝም፤ ድምፄን ብቻ ነው የሚሰማው። «ያዝኩት!» ካልኩ ፍሬኑን ያላላል። ያልያዝኩት እንደሆነ ደግሞ... እንኳን አልሆነ።

ያ ታኮ ዛሬም አለ። የወይራ እንጨት ነው፤ አንዱ ጥጉ በጎማ ተበልቶ እንደ ተላጠ ሙዝ ሆኗል። ጋራዤ በር ላይ በሩን አስደግፍበታለሁ። ልጆቼ ሁለት ጊዜ ለማገዶ ሊፈልጡት ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ። በሻርሎት ሚዛን ከሄድን ኮምቦልቻ ነው የሚሆነው፤ አዝናለሁ። መንገዱ የሚከፈለው እዚህ ነው፤ አንዱ በባቲ ወደ ሚሌ፣ አንዱ ወደ ደሴ። ጎሚስታው፣ ባሌስትራ የሚመታው፣ ሞተር የሚጠግነው፣ አሮጌው ሾፌር ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚጠጣበት በረንዳ፣ ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። አሮጌ ሾፌር ሙዚየም ገብቶ «ይህ ካምቢዮ የዚያ መኪና አይደለም፤ ተሳስታችኋል» ብሎ የማይጣላበት ሙዚየም የሞተ ነው። ይህን የሚል ሰው ደግሞ እዚህ ሞልቷል።

የደሴ ክርክር ግን ቀላል አይደለም። ሙዚየም የማስተዳደር ልምድ አላት፤ የደሴ ሙዚየም አለና። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ገደላማው ሐረጎም የእሷ ነው ትላለች። ሻርሎቶች አዳራሻቸው ውስጥ መኪኖቹን የደረደሩበት አንድ መወጣጫ ሠርተዋል፤ እየወጣህ በሄድክ ቁጥር እየተጋደመ እስከ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጎብኚው የእሽቅድምድም መም ምን እንደሚመስል በእግሩ እንዲያውቀው ነው። እኛ እንዲህ ያለ ነገር በገንዘብ መሥራት አያስፈልገንም። እንግዳውን በጭጋግ ቀን በሐረጎ ቁልቁል ማውረድ ነው። ወልድያም ብትሆን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ መንገድ መነሻ ናት፤ ወደ ጎንደርና ጎጃም የሚሻገረው ሾፌር ያርፍባታል። ባለቤቴ ይህን እንድጽፍ አዝዛኛለች፤ ጻፍኩ።

«ታዲያ መሀል ላይ፣ ሐረጎ ላይ ይሁን» የሚል አስታራቂ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይሆንም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ትምህርት ይከፈላል። እዚያ ኩርባ ላይ ግን ጭጋግና ገደል እንጂ የሚቆም ሰው የለም።

አዳራሽ ሲባል ለወሎ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ደሴ ያለው የራስ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍ ነው። ስሙ የወጣለት ግብር ሲበላበት ማንም ሰው ስለማይጠየፍበት ነው ይባላል። የሾፌሮች ቤት የሚሠራ ሰው ካለ ከዚያ ስም ይጀምር። ሾፌሩን ብቻ አስገብቶ ረዳቱን፣ ቦቴ ላይ ያደረውን፣ ጎማ የለጠፈውን፣ ባቲ ላይ በሌሊት ፍርፍር ያቀረበችውን ሴት ውጭ ካስቀረ እኔ በሩን አልረግጠውም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እንጀራቸው የተቋረጠው እነዚህ ሁሉ ናቸው፤ ሾፌሩ ወደ ጂቡቲ መስመር ዞረ፣ ባቲ ላይ ምግብ የምትሸጠው ሴት ግን ወዴት ትዙር?

እንግዲህ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤቱ ነገ ቢከፈት ውስጡ ምን ታስቀምጣላችሁ? ዐምና እዚሁ ሰፈር አንድ የኤን ትሬ ጋቢና በጋዝ ቆርጠው በኪሎ ሸጡት። ወሬውን ሰምቼ ስደርስ የቀረው መሪው ብቻ ነበር። ሦስት መቶ ብር ከፍዬ አነሣሁት፤ ሻጩ «ለምን ይሆንሃል?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። አሁን ከታኮው አጠገብ ተሰቅሏል። ሁለት ዕቃ ሆነ። ሻርሎቶች መወጣጫቸው ላይ አሥራ ስምንት መኪና ደርድረዋል፤ እኛ አንድ ሙሉ ኤን ትሬ ማግኘት እየቸገረን ነው።

ስለዚህ ክርክሩን ለጊዜው አቁሙና አንተ ከቤትህ ጀምር። የአባትህ መንጃ ፈቃድ የት ነው? የጭነት ወረቀቶቹስ? አሰብ ወደብ ላይ የመኪናው ፓራውልት ላይ አንድ እግሩን አስቀምጦ የተነሣው ፎቶግራፍ መኖሩን ሳላይ አውቃለሁ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የተነሣው። ከፎቶው ጀርባ ቀን ተጽፎ እንደሆነ እይ። ኮምቦልቻ ስትወርድ ይዘኸው ና፤ ቡናው የእኔ ነው።

እናትህንም አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የአባትህ ረዳት ማን ነበር?