የቮልሷ በር ለምን አልዘጋ አለ?

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኳት የ1969 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን አለችኝ። ዝናብ በጣለ ማግስት የኋላው ምንጣፍ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ማሞቂያውን ስከፍት የፊት መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ዓምና ቦዲዋን አሠርቼ ቀለም አስቀብቻት ነበር፤ አሁን ከቀኝ በር ሥር አረፋ አውጥታለች። በሩም ካላነሱት አይዘጋም። ብየዳ እችላለሁ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አረፋውን ለጊዜው ተወው፤ ከበሩ ጀምር። እንዲህ ዓይነት በር ወይ ማጠፊያው አልቋል፣ ወይ የተሸከመው ብረት ወርዷል። ምንጣፉና ጉሙ ሲጨመሩበት ግን እኔ የምጠረጥረው ከበሩ ሥር የሚሄደውን የማሞቂያ ቦይ ነው። መኪናዋን ሳላያት እወራረዳለሁ።

በሩን ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ ናጠው። ማጠፊያው ብቻ ከተጫወተ ተመስገን በል፤ ፒን ቀይረህ ትገላገላለህ። ማጠፊያው የታሰረበት ምሰሶ አብሮ ከተነቃነቀ ቦዩ ተበልቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልለፍልፍ፤ ይህን ነገር ለጋራዥ ልጆችም ሳልነግር አላድርም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። የሞቀው አየር ወደ ፊት የሚመጣው በግራና በቀኝ ባሉት ቦዮች ውስጥ ነው። ቦዩ ታዲያ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው አጥንትም እሱ ነው። ውሃ ከገባበት መውጫ የለውም። ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ጠባብ ስንጥቅ ደግሞ ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥ እንጀራን ከሥር እያራሰ እንደሚወጣው ማለት ነው። ስንጥቁ ውስጥ አየር ያንሳል። አየር ያነሰበት እርጥብ ብረት ደግሞ አየር ካገኘው ጎረቤቱ ቀድሞ ይበላል። ለዚህ ነው ውጩ ሲያበራ ውስጡ ወንፊት የሚሆነው። መስታወትህ ላይ የሚያርፈው ጉምም የሞቀው አየር ከዚያ እርጥብ ቦይ ተሸክሞት የመጣ ውሃ ነው።

አሁን የእግር መርገጫውን ፍታ፣ ምንጣፉንም አንሳ። የአሮጌ ስፒከር ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ሥር አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። በካቻቢቴ እጀታ ስትመታው ድም ድም ይላል፣ እንደ ብረት አይጮህም። የዓምናው ሠራተኛ አረፋውን ልጦ፣ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም እንደቀባበት አልጠራጠርም። እኔ አንድ ጊዜ ቦይ ስከፍት ሲሚንቶ አግኝቻለሁ። አዎ፣ የቤት ሲሚንቶ!

የቀኙን የኋላ ወንበርም አንሳ፤ ባትሪው እዚያ ነው። ሥሩ ነጭ ዱቄት ካለ አሲድ ፈስሷል። ባትሪውን አውጣና ቦታውን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠበው።

ወደ ብየዳው ከመግባትህ በፊት ግን ስማኝ። የቤንዚን ሰልባቲዮውን አውርድ። ቮልስ ላይ ከፊት፣ ከእግርህ በላይ ነው ያለው። ቦዩ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ደግሞ ወደ ፊት ይሮጣል። «ቤንዚኑን ቀድቼዋለሁ» አትበለኝ፤ ባዶ ሰልባቲዮ በጋዙ ምክንያት ከሙሉው ይብሳል። አራት ቡሎን ነው፣ ፍታው።

መኪናዋ በጎማዋ ትቁም። ክሪክ ከቦዩ ሥር እንዳትሰጥ። ሳትቆርጥ በፊት ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ቱቦላሬ በይድ፤ አለዚያ ቦዲው ታጥፎ በሩ ጨርሶ አይገጥምም። አንዱን ጎን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ። የሚያበራ ብረት እስክታገኝ ቁረጥ። ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ ለአንድ ክረምት ነው።

ላሜራው አንድ ሚሊ ይሁን። የጣራ ቆርቆሮ የሚለጥፉ አሉ፤ ስሱ ነው፣ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስም ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጥህ ያድራል። ዘመድ ከውጭ ተዘጋጅቶ የተሠራ ቦይ ከላከልህም በሚዛን እየው፤ ከአሮጌው የሚቀለውን ርካሽ ነገር መልስለት። በነጥብ በነጥብ እያፈራረቅህ በይድ። በአንድ ትንፋሽ ከጎተትከው ላሜራው ይጣመማል።

ከሥር የተቃጠለ ዘይት ተረጭቶባት ከሆነ ቀድመህ ጥረገው። ዝገት ያዘገያል፣ እሳትም ይወዳል። አንድ ሰው ማጥፊያ ይዞ አጠገብህ ይቁም። ጨርሰህ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል፤ የወለሉ ሬንጅ ተደብቆ ይጨሳል። ሰልባቲዮው ወርዷል አይደል?

ሲቀዘቅዝ አንቲረስት ቀባና ውሃው የገባበትን ፈልግ። አንተ ውስጥ በባትሪ መብራት እያየህ፣ ሌላ ሰው ከላይ በጎማ ውሃ ያፍስስ። የመስታወቱን ጎማ፣ ወለሉና ቦዩ መካከል ያለውን ጎማ፣ በበሩ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እይ። እነዚህ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ በስቱኮ ተደፍነው ነው የማገኛቸው። በሚስማር ክፈታቸው።

የዝገት መከላከያ ሰሙን ቦዩ ውስጥ የምትረጨው ብየዳው በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰልባቲዮውን የምትመልሰውም ያኔ ነው፤ ስትመልስ የቤንዚኑን ጎማ በአዲስ ቀይረው።