«የጥልቀት ግንዛቤ» ወይስ ቅርቡንና ሩቁን መለየት?

ጥያቄ፦ አንጎል በዓይን በኩል የሚመጣለትን ይዞ ርቀትንና እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚለይ እየጻፍኩ ነው። «የጥልቀት ግንዛቤ» እና «የእንቅስቃሴ ግንዛቤ» አልኩ። ጓደኛዬ አንብቦ «ስለ ፍልስፍና ነው እንዴ?» አለኝ። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። «ግንዛቤ» ዛሬ የምንሠራበት ለመረዳት ነው። አንድ ነገር አስበንበት ሲገባን «ተገነዘብኩ» እንላለን። እርስዎ የሚጽፉት ግን ከማሰብ ስለሚቀድመው ነገር ነው። ኳስ ወደ ፊትዎ ሲወረወር ጎንበስ የሚሉት ተገንዝበው አይደለም፤ አይተው ነው። «ማየት» እና «መለየት» ይበቁዎታል።

የባሰው «ጥልቀት» ነው። «ጠለቀ» ወደ ታች የሚወስድ ግስ ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፤ ዋናተኛም ይጠልቃል። ከእኛ እስከ ፊት ለፊቱ ዛፍ ያለውን ግን ማንም ጥልቀት አይለውም፤ ርቀት ነው። «ጥልቅ እይታ» ካሉማ አንባቢው ወዲያው አስተዋይ ሰው ነው ትዝ የሚለው።

እስቲ ጣትዎን ከፊትዎ ያቁሙ። መጀመሪያ በግራ ዓይን ብቻ፣ ከዚያ በቀኝ ብቻ ይዩት። ጣቱ ቦታ የቀየረ ይመስላል አይደል? ሁለቱ ዓይኖቻችን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ የሚያዩት አንድ ዓይነት አይደለም። አንጎል ርቀትን ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ሥዕሎችን ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ አሳይቶ ይህን አስረዳ። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚታየው ግን ገሚሱ ቀረብ፣ ገሚሱ ራቅ ይላል። ቀረብ፣ ራቅ! ቃሎቹ እጃችን ላይ ነበሩ። «ቅርቡንና ሩቁን መለየት» ብለው ይጻፉ። ረዘም ይላል፤ ግን ማንም አይሳሳትበትም። «የርቀት እይታ» የሚለውን እንኳ አልመክርም፣ ሩቅ ያለውን ብቻ ማየት ያስመስላል።

«እንቅስቃሴ» ጥሩ ቃል ነው፤ «እንቅስቃሴን ማየት» ይበሉ። እዚህ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚደንቀኝን ላጫውትዎ። እ.ኤ.አ. በ1983 የጀርመን ተመራማሪዎች ታሪኳን የጻፉላት አንዲት ሴት ነበረች። አንጎሏ ከኋላ በኩል፣ ግራም ቀኝም ተጎድቶ ነበር። ቀለም ትለያለች፤ ዕቃውንም ሰውንም ታውቃለች። እንቅስቃሴ ግን አይታያትም። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ በረዶ ሆኖ የቆመ ይመስላታል፤ ከፍ እያለ መምጣቱን ስለማታይ መቼ ማቆም እንዳለባት ይቸግራታል። መኪናው መጀመሪያ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ድንገት አጠገቧ ነው። መሃሉ የለም።

በሰዋስው ዓይን ሳየው፣ ይህች ሴት «መጣ» ይታያታል፤ «እየመጣ» አይታያትም። የጠፋባት «እየ» ነው! አንጎል ውስጥ ለዚህ «እየ» በተለይ የሚሠራ ክፍል አለ፤ የእሷ ጉዳትም እዚያው አካባቢ ነበር። ስለዚህ እንቅስቃሴ ማየትን ሲያብራሩ ስም አይደርድሩ። «እየቀረበ»፣ «እየዞረ»፣ «እየሞላ» ይበሉ፤ አንባቢው ራሱ ያየዋል።

«ጥልቀት»ንም ጨርሰው አይጣሉት። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ስለሚያይ ሰው ሲጽፉ፣ ያ ሰው በዓይኑ የሚለካው ጥልቀት ነው።