«ሻማዬ መሃሉ ይሰምጣል፣ ሽታውም አይወጣም» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ የጻፍሽውን ላሳጥረውና ልጀምር። ባሕር ዳር ነሽ። ሰፈፍ (ያልተጣራ የንብ ሰም) ገዝተሽ አቀለጥሽ፣ ከሱቅ የሚረጭ ሽቶ ጨመርሽበት፣ በሻይ ብርጭቆ ቀዳሽ። መሃሉ ሰመጠ፣ ክሩ ግማሽ ሰዓት ነዶ በራሱ ሰም ሰጥሞ ጠፋ፣ ሽታ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ብርጭቆም ተሰነጠቀ። ጥያቄሽ «ሰሙን ትቼ ፓራፊን (ከነዳጅ የሚሠራውን ሰም) ልግዛ? ወይስ ያለ ክር የሚቀልጠውን የሽታ ሰም ልሥራ?» የሚል ነው።

ሰሙን አትተዪው። ጎጃም ተቀምጦ ሰም ጥሎ ፓራፊን ማሳደድ ጣና ዳር ቤት ሠርቶ ዓሣ ከሌላ አገር እንደማስመጣት ነው። ያጋጠሙሽ አራቱ ችግሮች ግን ከአንድ ቦታ የመጡ አይደሉም፤ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ የገዛሽው ነገር በእርግጥ ሰም ነው? ገበያ ላይ ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት አለ። ማወቂያው እዚሁ አገራችን ሞልቷል፦ ዳግም አረቄ። ጥሩ ዳግም አረቄ አልኮሉ 45 በመቶ አካባቢ ሲሆን አንድ ሊትሩ 945 ግራም ገደማ ይመዝናል። ንጹሕ የንብ ሰም በዚያው ልክ 960 ግራም አካባቢ ነው፤ ፓራፊን 900፣ ሞራ ደግሞ 920 ገደማ። ስለዚህ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ አየር ያልያዘች የሰም ቁራጭ አረቄው ውስጥ ብትጥዪ ንጹሑ ይሰምጣል፣ ፓራፊንና ሞራ ይንሳፈፋሉ። መሃል ላይ ተንጠልጥላ ከቀረች ሩብ ያህሉ ፓራፊን ነው፣ ሞራ ከሆነ ደግሞ ከሩብ በላይ አለበት ማለት ነው። አረቄውም ራሱ ውሃ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል (ይህም አገራችን ነው)፤ ስለዚህ ከቀፎ ሲወጣ ያየሽውን ሰም አንድ ቁራጭ አብረሽ ጣዪ። እሱም ከተንሳፈፈ ጥፋቱ የአረቄው ነው። ሙከራው ከሩብ በጣም ያነሰ ቅልቅል አይይዝም፤ የጅምላውን ሌብነት ግን ያጋልጣል።

ሰፈፍ ስትገዪ በሰፈፉ ክብደት አትዋዋዪ። ከጠጅ የወጣ ሰፈፍ ውስጥ የንብ ሬሳው፣ ጌሾው፣ ውሃውና ማሩ ሁሉ አለ። 1 ኪሎ ናሙና ወስደሽ አጣርተሽ ስንት ግራም ንጹሕ ሰም እንደሚወጣው መዝኚ፤ ዋጋውን በዚያ አስቢ። ማሩ በብዛት የሚቆረጠው ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀጥሎ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ስለሆነ የዓመቱን ሰም በዚያን ጊዜ መያዝ ያዋጣል። ከዳንግላም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ብትገዪ ሒሳቡ ያው ነው።

ማጣራቱ ላይ አትቸኩዪ፣ የክሩ መጥፋት ግማሽ ምክንያት እዚህ ነው። ሰፈፉን በእኩል መጠን የዝናብ ውሃ ውስጥ አድርገሽ በዝግታ አቅልጪ። የጉድጓድ ውሃ ኖራ ካለው ሰሙን እንደ አረፋ ያደርገዋል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም አልሙኒየም ይሁን፤ ጥቁር ብረት፣ መዳብ፣ ነሐስና ዚንጎ ቀለሙን ያበላሹታል። እንዲንተከተክ አትፍቀጂ። በአሮጌ አቡጀዲ አጥልለሽ በባልዲ ካስቀመጥሽው በኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ቀስ ብሎ ሲረጋ ቆሻሻው ከሥር ግራጫ ሆኖ ይጋገራል፤ ያንን በቢላ ፍቀሽ ጣዪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚው። በመጨረሻ ያለ ውሃ፣ ድስት በድስት ላይ አድርገሽ፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም አቆዪው። ማርና ውሃ የቀረበት ሰም ሲነድ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ክሩንም ደፍኖ ያጠፋዋል።

ድስት በድስት ስልሽ ከታች ውሃ፣ ከላይ ሰም ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 92 አካባቢ፤ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ከ85 በላይ ብዙ ከቆየ ግን ይጠቁራል፤ የምግብ ቴርሞሜትር ግዢ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ድንገት ከተያያዘ ውሃ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ፣ ክዳን ደፍተሽ እሳቱን አጥፊ።

አሁን ወደ ቅልቅሉ። የንብ ሰም ብቻውን ለብርጭቆ ሻማ አይመችም። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ሲረጋ ይሸበሸባል፣ የራሱ የማር ሽታም ቀለል ያለ ሽቶን ይውጠዋል። በክብደት 70 እጅ ሰም ከ30 እጅ የኮኮናት ዘይት ጋር ሲቀላቀል ይለሰልሳል፣ ሽታውንም ይለቃል። የኮኮናት ዘይቱ የሚበላው ይሁን፤ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ዘይትና ሽቶ አለበት። የኑግ ዘይት እንዳትሞክሪ። ቆይቶ ይጣበቃል፣ ይሻግታል፣ ክሩንም ሙጫ ያደርገዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በችግር ጊዜ ይሠራል፤ ከወራት በኋላ ግን ሽታው ስለሚለወጥ መደርደሪያ ላይ ለሚቆይ ዕቃ አልመርጠውም።

ሽታው ያልወጣው በሚረጭ ሽቶ ስለሠራሽ ነው። የሚረጭ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፦ ከሰም ጋር አይዋሐድም፣ በትኩስ ሰም ላይ ይተንናል፣ እንፋሎቱም እሳት ይይዛል። የሚያስፈልግሽ ለሻማ ተብሎ የተዘጋጀ የሽቶ ዘይት ነው። መጠኑ ለ100 ግራም ቅልቅል 6 ግራም ነው። በማንኪያ ወይም በጠብታ ሳይሆን በግራም በሚመዝን ሚዛን። ቅልቅሉ 75 ዲግሪ ሲሆን ጨምረሽ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስዪ። «ሽታው እንዲበረታ» ብሎ 12 እና 15 ግራም መጨመር የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ሰሙ ከዐቅሙ በላይ አይዝም፣ ትርፉ ላብ ሆኖ ከላይ ይወጣል፣ ክሩን ያጨሳል፣ አንዳንዴም ላዩ ጠቅላላ ይነዳል።

ዕጣን፣ ከርቤ ወይም የደረቀ አሪቲ ፈጭቶ ሰም ውስጥ መጨመርን ብዙ ሰው ይጠይቃል። አይሆንም። ሙጫው ሰም ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ ወደ ክሩ ተስቦ ይከስላል፤ ቅጠሉ ደግሞ ሁለተኛ ክር ሆኖ ይነዳል። ጠጅ ሣር በዘይት መዘፍዘፍም ለሻማ የሚበቃ ሽታ አይሰጥም። የጠጅ ሣር ወይም የባሕር ዛፍ ሽታ ከፈለግሽ የተጣራ ዘይቱ ነው የሚሆነው። በአረቄ ማውጫ ዓይነት ዕቃ ማጣራት ይቻላል፤ ግን ከ100 ኪሎ ትኩስ ጠጅ ሣር ግማሽ ኪሎ ዘይት ካገኘሽ ትልቅ ነገር ነው፣ አረቄ የወጣበት እንስራም የራሱን ሽታ ያስተላልፋል። ያ ሌላ ንግድ ነው።

ክሩ። ጧፍ የሚሠራበት የተፈተለ ክር ለቀጭን ጧፍ ልክ ነው፣ ምክንያቱም የሚያቀልጠው ሰም ጥቂት ነው። በ6 ሳንቲ ስፋት ብርጭቆ መሃል ስታቆሚው ግን የሰሙ ኩሬ ይውጠዋል። ዝም ብለሽ ብዙ ክር ብትገምጂ ደግሞ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደ እንጉዳይ ያብጣል፣ ይጨሳል። መጎንጎን አለበት፤ ሦስት እጅ አድርገሽ እንደ ሹሩባ ጥብቅ አድርጊው። የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ይጎነበሳልና ራሱን ይበላል። ንጹሕ ጥጥ መሆኑን ጫፉን ለኩሰሽ እዪ፦ ጥጥ ዓመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ጠብቦ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ከዚያ ትኩስ ሰም ውስጥ ነክረሽ፣ አረፋው እስኪቆም ጠብቀሽ፣ ስበሽ ቀጥ አድርገሽ አድርቂው። ይህን ካልነከርሽ መጀመሪያ ሲለኮስ ክሩ ራሱ ነዶ ያልቃል።

ውፍረቱን ማንም በወሬ ሊነግርሽ አይችልም። ለ6 ሳንቲ ብርጭቆ በ2.5፣ በ3 እና በ3.5 ሚሊ ውፍረት ሦስት ክር አዘጋጂና ሦስት አንድ ዓይነት ሻማ ሥሪ። ክሩን 5 ሚሊ አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ለኩሺ፣ ከፊቱ ሳትሄጂ ተመልከቺ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የቀለጠው ሰም ወደ ብርጭቆው ጠርዝ ደርሶ ጥልቀቱ 1 ሳንቲ አካባቢ ከሆነ ያ ነው ክርሽ። ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ ከወረደ ቀጭን ነው። ነበልባሉ ከዘለለ፣ ብርጭቆው ከጠቆረ፣ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ወፍራም ነው። ሰሙን፣ ሽቶውን ወይም ብርጭቆውን ስትቀይሪ ሙከራው እንደገና ይጀመራል፤ ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይሪ፣ ጥፋቱ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ብርጭቆ። የሻይ ብርጭቆ ስስ ነው፣ በአንድ ጎኑ ሲግል ይፈነዳል። ብርሌማ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አየር አጥቶ አንገቱ ይቃጠላል፤ ለፎቶ እንጂ ለሻማ አይሆንም። ያልተቀባ ሸክላም ሰሙን ስለሚጠጣ ራሱ ክር ይሆናል። ወፍራም ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ተጠቀሚ። ብርጭቆውን ባልዲ ውስጥ አድርገሽ የፈላ ውሃ ሙዪው፣ ደፍተሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ ቤትሽ ይሰንጠቅ እንጂ ደንበኛ ቤት አይሂድ።

ስንት ሰም እንደሚያስፈልግ ለማወቅ እስከምትፈልጊው ድረስ ውሃ ሞልተሽ መዝኚ፣ በ0.9 አባዢ። 200 ግራም ውሃ የሚይዝ 180 ግራም ሻማ ይፈልጋል፦ 119 ግራም ሰም፣ 51 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 10 ግራም ሽቶ። ለአሥር ሻማ 1.2 ኪሎ ሰም፣ ግማሽ ኪሎ ዘይት፣ 100 ግራም ሽቶ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ኪስ የሚጎዳው ሽቶው ነው፣ ሰሙ አይደለም።

መሃሉ የሚሰምጠው ዳሩ ቀድሞ ስለሚረጋና መሃሉን ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ብርጭቆውን ለብ አድርገሽ፣ ሊሾ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አስቀምጠሽ፣ ጥቂት ሰም አስቀርተሽ ሌላውን በ70 ዲግሪ ቅጂ። ካርቶን ድፊበት። የደብረ ማርቆስን ማታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ላዩ ሲረጋ ከክሩ አጠገብ ሁለት ሦስት ቦታ በሹል እንጨት ብጂው፣ ያስቀረሽውን ሰም 75 አድርሰሽ ሙዪበት። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይለኮስ ይቀመጥ፣ ሽታው የሚዋሐደው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ያለ ክር በሚቀልጠው የሽታ ሰም ጀምሪ። የክር ጣጣ የለውም፣ ብርጭቆ አይፈልግም፣ ለካፌና ለእንግዳ ማረፊያ ናሙና መስጠት ይቀላል። 60 እጅ ሰም፣ 40 እጅ የኮኮናት ዘይት፣ ለ100 ግራም 8 ግራም ሽቶ። በላስቲክ የበረዶ መሥሪያ ውስጥ እያንዳንዱን ከ15 እስከ 20 ግራም አድርገሽ ቅጂ። ሰም መጣበቅ ይወዳልና ቅርጹን በጣም ትንሽ ዘይት አብሺው። ማቅለጫው ከሥሩ ትንሽ ሻማ የሚቀመጥበት የብረት ወይም የኢናሜል ሳህን ይሁን፤ ነበልባሉና ሳህኑ መካከል ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ክፍተት ይኑር።

አንድ ነገር ግን እሽጉ ላይ በትልቁ ጻፊ፦ «በከሰል ላይ አይደረግም»። እኛ አገር ጥሩ ሽታ ያለው ነገር ሲሰጡን እጃችን ወደ ዕጣን ማጨሻው ነው የሚሄደው። ቡና እየተፈላ አንድ ሰው ይህን እንደ ዕጣን ፍሙ ላይ ጣል ቢያደርገው ሰሙ ቀልጦ ቦግ ይላል፣ አጠገቡ ነጠላ የለበሰ ሰው አለ። ለካፌ ስታስረክቢም አስተናጋጇን ጠርተሽ በአፍ ንገሪያት፣ ወረቀቱን የሚያነብ ጥቂት ነው።

ዋጋ ስትተምኚ ለሙከራ የነደዱትን ሻማዎችና የተበላሸውን አሥር በመቶ ያህል አስገቢበት፣ የጉልበትሽንም። ያንን ሳያስቡ የሰሙን ዋጋ ብቻ እጥፍ አድርገው የሚሸጡ ሰዎች በሦስተኛው ወር ሽቶ መግዣ ያጣሉ።

የብርጭቆሽን አፍ ስፋት በሳንቲ፣ የክርሽንም ውፍረት ጻፊልን። የአረቄው ሙከራ ምን እንዳሳየሽም ጨምሪ፤ ሰሙ ከተንሳፈፈ ከክሩ በፊት ሻጩን ነው መቀየር ያለብሽ።