አር ኤሷ ለምን ታነጥራለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ከውጭ ያስመጣትን ትሪምፍ ስትሪት ትሪፕል አር ኤስ ሞተር ሳይክል ነው የምነዳው፣ በፈረንጅ የ2017 ምርት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስወርድ አስፓልቱ በተቦረቦረበት ሁሉ ከወንበር ታነሳኛለች። ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። አንድ መካኒክ «የኋላ አሞርዛተሩ ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገና ኪስህ አትግባ። እህቷ ኤስ፣ ዝቅ ያለችው ሞዴል፣ በዚያው 765 ሲሲ ሞተር 113 የፈረስ ጉልበት ስታወጣ ያንተዋ 123 ታወጣለች። ዋናው ልዩነት ግን እግሯ ላይ ነው። አሞርዛተሮቿ ከፊት ሾዋ፣ ከኋላ ኦህሊንስ የሚባሉ ኩባንያዎች ሥራ ናቸው። ለውድድር ሜዳም እንዲሆኑ ጠንከር ተደርገዋል። አንተ ደግሞ ቀላል ነህ፣ ሞላውን በቅጡ አትጫነውም።

መጀመሪያ ሜትር ያዝ። ጓደኞችህ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ እስኪንጠለጠል በአካሏ ያንሷት። ጎማውን በያዘው ክንድ ካነሷት ልኩ ይበላሻል። ከጎማው መሃል እስከ ወንበሩ ስር ለካ። ከዚያ መሬት ላይ ሆና ተቀመጥባት፣ ደግመህ ለካ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። ካነሰ የሞላውን ቀለበት አላላ። ጨርሶ ላልቶም አልበቃ ካለ፣ የሚቀየረው ሞላው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካቻቢቴ። ጉድጓድ ስትመታ ወገብህን የሚነርትህ ኮምፕረሽኑ፣ ማለት አሞርዛተሩ ሲጨመቅ የሚገታው ማስተካከያ፣ ስለጠበቀ ነው። ጉድጓዱን ካለፍክ በኋላ እንደ ኳስ የምትነጥር ከሆነ ግን ሪባውንዱ፣ ማለት ተመልሶ ሲዘረጋ የሚገታው፣ ላልቷል። ከመንካትህ በፊት ወደ ቀኝ እያጠበቅህ «ቀጭ» የሚለውን እስከ ጥጉ ቁጠር፣ ጻፈው፣ ወደነበረበት መልስ። ጥጉ ላይ አታስጨንቀው፣ ውስጡ ይጎዳል። ከዚያ አንዱን ብቻ ሁለት ቀጭ ነክተህ ያንኑ መንገድ ድገመው። ሁለቱን አንዴ ከነካካህ የቱ እንደረዳህ አታውቅም።

ጎማዋም ከፋብሪካ የመጣው ፒሬሊ ሱፐርኮርሳ ከሆነ፣ የውድድር ዓይነት ጎማ ነውና ካልሞቀ አይዝም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አስፓልቱ ሲረጥብ እኔ አልነዳበትም፤ ለክረምቱ የስፖርት ቱሪንግ ጎማ ይሻልሃል። እንድትለሰልስ ብለህ ንፋስ እንዳትቀንስ ብቻ፣ ቸርኬው ይጣመማል።

የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ዘይት ካየህ መካኒኩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያኔም ሳይቀየር መጀመሪያ ተፈቶ ጎሚኒው ይታይ።