ቦይለሩ ቀን ከሌት ይብራ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። ባለ 80 ሊትር ቦይለራችን ጠፍቶ አያውቅም። ባለቤቴ «ማጥፋትና ማብራቱ የባሰ ይበላል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኸረ አይደለም እህቴ! የሞቀ ውሃ ተቀምጦም ይቀዘቅዛል። ቦይለሩ መልሶ ለማሞቅ ቀኑን ሙሉ ይቆጥራል። 80 ሊትር ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 1500 ዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ከመታጠባችሁ ያን ያህል ቀደም ብለሽ አብሪው፣ ስትጨርሱ አጥፊው። ታሪፉም ብዙ ለተጠቀመ ይወደዳል።

ደግሞስ በድሬ ፀሐይ? እኔ ግንቦትና ሰኔ ማብሪያውን አልነካውም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አምና ቴክኒሻን ቦይለሬን ሲከፍተው ከማሞቂያው ዘንግ ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ ነጭ ቅርፊት አራገፈ። በማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታዪው ያው ኖራ ነው። ማሞቁን ያዘገያል፣ ዘንጉንም ያቃጥላል። አስጠርጊው፤ ራስሽ ግን እንዳትከፍቺው።