«የቡና ሀገር ሰው ነኝ» ብላችሁ አትለፉት

ውጭ ሀገር ስትኖሩ አንድ ቀን ሻይ ወዳዶች የሚሰባሰቡበት ቦታ መግባታችሁ አይቀርም። የዩኒቨርሲቲ የሻይ ክበብ ሊሆን ይችላል። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም፣ ወይም ሻይ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ የጠራው የቅምሻ ምሽትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጋ አጀማመሩ ይመሳሰላል። ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ከዚያ ተራ በተራ ስም፣ የመጡበት ሀገር፣ የሚወዱት ሻይ።

ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደምንል ይታወቃል። «እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ቡና ከተገኘበት ሀገር።» ከኋላው ካልዲና ፍየሎቹ ይመጣሉ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ያዳምጣሉ። ፍየሎቹ ጨፍረው ሲያበቁ ግን ስለ ሻይ ያልነው አንድም ነገር የለም። ማይኩ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል፣ እኛም የቡና ማስታወቂያ ሠርተን እንቀመጣለን።

እባካችሁ ቡናውን ለሌላ ቀን አቆዩት። በብዙ ከተሞቻችን ሻይም በየደቂቃው ይቀዳል። ጠዋት ከፓስቲ ጋር፣ ከሰዓት ከቢሮ ሲወጣ፣ አውቶቡስ ተራ ቆሞ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ። ደግሞ ሻዩ የራሳችን ነው። ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ ውሽውሽ የሚባል ሰፊ የሻይ እርሻ አለ። ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አካባቢ ደግሞ ጉመሮ አለ። «ቡና በዱር በሚበቅልበት በካፋ ሻይም እናመርታለን» ብትሉ የሻይ ሰው ጆሮው ይቆማል። ብዙዎቹ ስለ ኬንያ ሻይ እንጂ ስለ እኛ ሰምተው አያውቁም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከየት ነው የሚገዛው?» ነው። እሱን ለመመለስ ከአበሻ ሱቅ አንድ ፓኬት ገዝታችሁ ቤት ብታስቀምጡ ጥሩ ነው።

የትኛውን ሻይ ነው የምወደው ልበል ለምትሉ፣ እውነቱን በሉ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ያለበት ተራው የቤት ሻይ ከሆነ እሱን። ስፕሪስ የምትወዱም አላችሁ፤ ብርጭቆ ውስጥ ሻይና ቡና ሳይደባለቁ ከላይና ከታች ሲቀመጡ ያዩ ፈረንጆች ስልካቸውን ያወጣሉ። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣ ሰው ጦስኝን ይጥራ። ሐረር ያደገ ሰው ደግሞ ሁላችንንም የሚያስንቅ ነገር አለው፦ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ፣ ከገለፈቱ በወተት የሚፈላው ሆጃ። በደቡብ ምዕራብ፣ በነቤንች በኩል፣ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ፈልቶ ጨሞ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ «ቡና» ብሎ ቢቀመጥ ያሳዝነኛል። በነገራችን ላይ የቡና ቅጠል ሻይ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የደረቀው የቡና ገለፈት በ2022 ተከተለ። እሱን ዛሬ «ካስካራ» እያሉ ዘመናዊ ካፌዎች ውስጥ በደህና ዋጋ ይሸጡታል። የሐረር እናቶች ይህን ዋጋ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልንገራችሁ። ከሻይ አፍቃሪዎች መካከል ጥብቅ የሆኑ አሉ። አረንጓዴው፣ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ኡሎንጉ፣ ፑኤሩ ሁሉም ከአንዱ የሻይ ተክል ነው የሚመጡት፤ ልዩነቱ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው። ስለዚህ ጦስኝ ስትሉ «እሱ እንኳን ሻይ አይደለም፣ ዕፅ ነው» የሚል አይጠፋም። አትቀየሙ። ንቀት አይደለም፣ አመላቸው ነው። «እሺ፣ ታዲያ ቅመሰው» በሉት።

ባህረ ሰላጤ ሀገራት ሠርታችሁ ወደ አውሮፓ ወይም አሜሪካ የተሻገራችሁ እህቶች፣ እናንተን ለይቼ ላናግራችሁ። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ሰው ቤት ውስጥ በየቀኑ ከረክ የሚባለውን የወተት ሻይ ስታፈሉ ኖራችኋል። ሻይ ቅጠሉ በደንብ እስኪጠቁር፣ ሄሉ ተወቅጦ፣ የቆርቆሮው ወተት ገብቶ ቀለሙ እስኪስተካከል። ይህ ሙያ ነው። የቅምሻ ምሽት ላይ ከረክ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለሱ ሲያስረዳ፣ እጇ የለመደው እህታችን ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። ለምን? የሠራተኛ ቤት ትዝታ ስለሆነ? ሙያው የእናንተ ነው። «ለዓመታት በየቀኑ አፍልቻለሁ» ካላችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ ትደመጣላችሁ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ የወተቱ ነገር ያስቸግራል። ለንደን ውስጥ ሻይ ካላችሁ ወተቱ ሳይጠየቅ ሊመጣ ይችላል፤ ቀድማችሁ «ያለ ወተት» በሉ። ባህረ ሰላጤው አካባቢ ወተት የሌለበትን «ሱሌማኒ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። የአሜሪካ ካፌ ውስጥ «ቻይ» ካላችሁ የሚመጣው ወተትና ስኳር የበዛበት የህንድ ዓይነት ነው። በዚያው በአሜሪካ፣ በደቡብ በኩል ባሉት ግዛቶች ውስጥ ደግሞ ሬስቶራንት ገብታችሁ በደፈናው ሻይ ካዘዛችሁ በረዶ የሞላበት ጣፋጭ ብርጭቆ ይቀርብላችኋል። ትኩስ መሆኑን መናገር አለባችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታ ልምጣ። «ከዚያው ከሀገር ቤት የመጣ ቅጠል ነው፣ ቅመሙም ያው ነው፣ ግን እንደዚያ አይጥምም።» ይህን ያላለ ዲያስፖራ አላጋጠመኝም። ሰው ናፍቆት ነው ይላል። ናፍቆትም ይኖርበታል፣ ዋናው ግን ውሃው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለንደን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ 100 ይደርሳል። እናታችን በራዱን እሳት ላይ ጥዳ እንደምታንተከትከው እዚህ ስናንተከትከው ቅጠሉ ከሚገባው በላይ ይለቃል፣ ሻዩ ይመራል፣ ቅርንፉዱም አፍ ያደነዝዛል። መራራነቱን ለመሸፈን ስኳር እንጨምራለን። ከዚያ ስለ ስኳር በሽታ ስብከት እንሰማለን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ሄል ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨምሩ። ቅመሙን ብቻ አሥር ደቂቃ ያህል በቀስታ አፍሉት። እሳቱን አጥፉ። ሻይ ቅጠሉን ከዚያ በኋላ ጨምሩና ከድኑት፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። የሀገራችን የፓኬት ሻይ ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። አጥልሉና ቅዱ። ሄል ስትገዙ ትንሹን አረንጓዴውን ውሰዱ። የህንድ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ትልቁ ጥቁር ሄል ኮረሪማ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጭስ ጭስ ይላል፣ ሻዩን ያበላሽባችኋል። ለንደን ውስጥ ደግሞ የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ሳሙና የቀረ መስሏችሁ ብርጭቆ ስታጥቡ አትዋሉ። ውሃውን አጣሩት፣ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

የእናንተን ካቀመሳችሁ የእነሱንም መቅመስ አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልገናል። የመጀመሪያውን ፉት ያለ ስኳር ቅመሱ። ስኳር ፍለጋ ዙሪያውን ማየት ከጀመራችሁ አዘጋጁ ቅር ይለዋል። አረንጓዴ ሻይ መረረኝ የምትሉ፣ ምናልባት የፈላ ውሃ ገብቶበት ነው፤ እሱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ቻይናውያን ፑኤር ሲያዘጋጁ የመጀመሪያውን ውሃ አፍስሰው ይደፉታል። «ወይኔ ሻዩን!» አትበሉ፣ ቅጠሉን ማጠባቸው ነው። ያንኑ ቅጠል ደጋግመው እያጠጡ ይቀዱላችኋል፣ ጣዕሙም በየዙሩ ይለወጣል።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበን ግን በጀርመን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያሉት ምሥራቅ ፍሪዝያውያን ናቸው። ሲኒው ውስጥ ድንጋይ ስኳር ያስቀምጣሉ፣ ትኩስ ጥቁር ሻይ ሲፈስበት ጠጠሩ ተሰነጣጥቆ ይንጫጫል፣ ከላይ ክሬም በማንኪያ ይጨመራል። አይማሰልም። ማማሰል እዚያ ነውር ነው። ሦስት ሲኒ ደግሞ መብት ነው፤ ከሦስት በፊት መነሳት ባለቤቱን ቅር ያሰኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይዞ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሦስተኛውን ጠጥታችሁ ከበቃችሁ ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ አስቀምጡት። አለበለዚያ መቅዳታቸውን አያቆሙም።

እንግሊዝ ሀገር ቢሮ የምትሠሩ ደግሞ የሻይ ተራ የሚባል ነገር ይገጥማችኋል። አንዱ ይነሳና ለሁሉም ያፈላል፣ ነገ ሌላው። እኛ ሂሳብ ለመክፈል እንታገላለን እንጂ ተነስተን ማፍላት ብዙም አልለመድንም፣ በተለይ እኛ ወንዶች። እዚያ ግን ክፍያ የለም፣ ያለው መነሳት ነው። ሁልጊዜ እየጠጣ የማያፈላ ሰው ፊት ለፊት አይነገረውም፣ ይታወቅበታል እንጂ። የማን ሻይ ወተት አለው፣ የማን ስኳር የለውም የሚለውን በቃላችሁ ያዙ። ለአዲስ መጤ ሰው ከሥራ ባልደረባ ጋር ለመቀራረብ ከዚህ የረከሰ መንገድ አላውቅም። መጠጥ ቤት የማትሄዱ ከሆነማ ዋናው መንገድ እሱ ነው።

ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣት ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ይቀንሳል፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቀው። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይቀርብም። ከሀገር ቤት ስትመለሱ አሜሪካ የምትገቡ ሰዎች ሻይም ቅመምም ቅጠላ ቅጠልም ይዛችሁ ከሆነ ለጉምሩክ አስታውቁ፤ ያስታወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል። ወደ ዓረብ ሀገር ስትበሩ ደግሞ ስም ያልተጻፈበት ደረቅ ቅጠል በፌስታል ቋጥራችሁ አትሂዱ። በፋብሪካ የታሸገ፣ ጽሑፍ ያለበት ብቻ ያዙ።

የለውዝ ሻይ የምትወዱ፣ እኔም ከእናንተ ነኝ። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሲጠጣ ማንም ምንም አይለውም። ውጭ ግን ለውዝ የማይስማማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ለአንዳንዱ አንድ ጉንጭ ራሱ ለሕይወት ያሰጋዋል። ወደ ቅምሻው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቴርሞሱ ላይ ምን እንዳለበት በትልቁ ጻፉ፣ ሳትቀዱም በፊት ጠይቁ። ማጥለያውንና ብርጭቆውን ከሌላው ጋር አታደባልቁ። የሚያሳስባችሁ ከሆነ የቀረፋውን ይዛችሁ ሂዱና የለውዙን ቤት ጠጡት።