የደም ግፊት በእርግዝናና በአራስነት፦ አንጎልን በሚመለከት ጥያቄና መልስ

ሐኪሟ፦ ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመግባቴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፈ ሴት ወይም አራስ የደም ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ አለዚያም ከቀኝ ጎኗ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማት፣ የእኔን መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

ጥያቄ (ነፍሰ ጡር)፦ ዶክተር፣ የእርግዝና ግፊት አንጎልን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው?

ሐኪሟ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙው ነገር ከዚህ ይነሣል። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ በሚነሣውና የአካል ክፍሎችን በሚጎዳው የደም ግፊት ሕመም፣ በቂ ደም የማያገኘው የእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። ጤነኛ የአንጎል ደም ሥር ግፊት ሲጨምር እየጠበበ፣ ሲቀንስ እየሰፋ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ደም መጠን ይጠብቃል። ሽፋኑ ሲጎዳና ግፊቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ይህ ጥበቃ ይፈርሳል፤ ፈሳሽም ከደም ሥሩ ወጥቶ በአንጎል ውስጥ ይሰርጋል። እብጠቱ የሚበረታው ማየትን በሚመራው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ያሉት ደም ሥሮች ግፊትን እንዲቋቋሙ የሚረዷቸው ነርቮች ከፊተኛው ክፍል ያነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዝርዝር የተገለጸውና ዛሬ ፕሬስ (PRES) በሚል የእንግሊዝኛ አሕጽሮት የሚታወቀው ሁኔታ ይህ ነው። የዓይን ብዥታን ከድካም የማልቆጥረውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ብርቱ ራስ ምታት አለኝ፤ ምን ልውሰድ?

ሐኪሟ፦ እርጉዝ ነሽ ወይስ ወልደሻል? ግፊትሽስ ስንት ነው? ይህን ሳላውቅ የመድኃኒት ስም አልሰጥም።

ጥያቄ፦ እኅቴ በወለደች ማግሥት ተንፈራገጠች፤ ስትነቃም ምንም ማየት አልቻለችም። የዓይን ሐኪሙ ዓይኗ ጤነኛ ነው ስላለ አንዳንድ ዘመዶች ታስመስላለች ይላሉ።

ሐኪሟ፦ አታስመስልም፤ እባክዎ ይህን ለዘመዶችዎ ይንገሩልኝ። ዓይን ጤነኛ ሆኖ፣ የዓይን ብሌን ለብርሃን ምላሽ እየሰጠ፣ ምስሉን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ስላበጠ ብቻ ማየት ሊጠፋ ይችላል። ግፊቱ በጊዜ ከታከመ አብዛኞቹ እናቶች በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ማየት ይጀምራሉ። ካልተሻላት ግን የደም መፍሰስና የደም መርጋት እንደሌለ በኤምአርአይ መረጋገጥ አለበት።

አንድ ነርስ፦ መንፈራገጡን ለማስቆም ዲያዜፓም ይበቃል፤ እኔ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። በምትኩ የሚሰጠው ማግኒዚየም ትንፋሽ ያቆማል።

አንዲት አዋላጅ፦ አይበቃም ወንድሜ። ዲያዜፓም የተሰጣት እናት ደግማ ስትንፈራገጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነርሱ፦ አንድ ሰው ያየው ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ሐኪሟ፦ የሁለታችሁም ልምድ እንዳለ ሆኖ፣ ጉዳዩ በጥናት ከተዘጋ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የኤክላምፕሲያ (ፕሪኤክላምፕሲያ መንፈራገጥ ሲያስከትል የሚሰጠው ስም ነው) ሕክምናዎች ንጽጽር ማግኒዚየም ሰልፌት የወሰዱት እናቶች ዳግም የመንፈራገጥ ዕድል ዲያዜፓም ከወሰዱት በግማሽ ያህል ማነሱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና 10,000 ያህል ሴቶች የተሳተፉበት የማግፓይ ጥናት ደግሞ ፕሪኤክላምፕሲያ ላለባቸው አስቀድሞ ሲሰጥ ኤክላምፕሲያን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የትንፋሹ ስጋት እውነተኛ ቢሆንም መፍትሔው መድኃኒቱን መተው ሳይሆን እናቲቱን መከታተል ነው፦ ጉልበቷ በመዶሻ ሲመታ እግሯ ምላሽ መስጠቱን፣ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷን፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ማረጋገጥ፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔትንም በአጠገብ ማኖር። ማግኒዚየም የግፊት መድኃኒት አለመሆኑንም አትርሱ፤ ግፊቱ ለብቻው ይታከማል።

ጥያቄ፦ ጨው ብተው እከላከለዋለሁ?

ሐኪሟ፦ ጨው መተው ፕሪኤክላምፕሲያን አይከላከልም። አስጊ ሁኔታ ላለባቸው ከ16ኛው ሳምንት በፊት የሚጀመር አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ይረዳል፤ ለማን እንደሚገባ ሐኪምሽ ትወስን።

ጥያቄ፦ ኤክላምፕሲያ ነበረብኝ። ከእንግዲህ የሚጥል በሽታ አለብኝ ማለት ነው?

ሐኪሟ፦ በአብዛኛው አይደለም። ይልቅ ወደፊት የደም ግፊትና የስትሮክ አደጋዎ ስለሚጨምር ግፊትዎን በየጊዜው ይለኩ።

ጥያቄ፦ የዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውለድ ነው ይባላል፤ ታዲያ ከወለዱ በኋላ ምን ያስፈራል?

ሐኪሟ፦ ይህ አባባል እናቶችን ይጎዳል። መውለድ የበሽታውን ምንጭ ያስወግዳል እንጂ የተጎዳውን የደም ሥር በዚያው ዕለት አያድንም። ግፊት ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም አራሷ ቤቷ ገብታ ጎብኚው ሁሉ ሕፃኑን ብቻ የሚያይበት ሰሞን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ኤክላምፕሲያ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቢከሰትም ከሳምንታት በኋላም ይመጣል። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት የአንጎል ደም ሥሮች መኮማተር ወይም የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለቀናት እየባሰ የሚሄደው ደግሞ ደምን ከአንጎል ወደ ልብ በሚመልሱት ደም ሥሮች የረጋ ደምን ያጠራጥራል። የላይኛውን ቁጥር አትናቁ። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰባቸው እናቶች የብዙዎቹ የታችኛው ቁጥር 110 አልደረሰም ነበር። የላይኛው 160 ደርሶ ካልወረደ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ስለ ራስ ምታቴ አልመለሱልኝም። ፓራሲታሞል ወስጄ አልተሻለኝም።

ሐኪሟ፦ እኅቴ፣ ጠይቄሽ ያልመለስሽው አንቺ ነሽ። ወልደሽ ከሆነ መቼ ነው? ግፊትሽ ስንት ነው? ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 8 ቀኔ ነው። አሁን ጎረቤቴ ለካችኝ፤ 168/102 ነው።

ሐኪሟ፦ መጻፉን ተዪውና ጎረቤትሽ ይዛሽ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ትውሰድሽ፤ ብቻሽን አትሂጂ። እንደደረስሽ ስለ ራስ ምታቱ ከመናገርሽ በፊት «ከወለድኩ 8 ቀኔ ነው፤ ግፊቴ 168/102 ነው» በያቸው።